የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ማካካሻ አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን፣ ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ይሰለፋሉ። መዝሙሩን የሚያስጀምረው ብዙ ጊዜ ድምፀ ወፍራም ወንድ መምህር ነው። ልጆቹ እሱ የጀመረበት ዝቅታ ድረስ መውረድ ስለማይችሉ ግማሹ ያጉረመርማል፤ ግማሹ በራሱ ከፍታ ይሄዳል፤ የኋላው ረድፍ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እኛም «እነዚህ ልጆች ለመዝሙሩ ክብር አጡ» እያልን ስንቆጣ ዓመታት አለፉ። እኔም ከተቆጡት አንዱ ነበርኩ። አንድ ሰኞ ግን አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ እንድታስጀምር አደረግን። በራሷ ቀጭን ድምፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻዋን አለች፤ ሰልፉ በሙሉ ተከተላት። የጎደለው ክብር አልነበረም፤ መነሻ ድምፅ ነበር።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የሙዚቃ ምሩቅ አይደለሁም። የክፍለ ጊዜ ጫናዬ ስላልሞላ የክወናና የእይታ ጥበባት ተጨመረልኝ። በየትምህርት ቤቱ ይህን ትምህርት እንደኔ ለማሟያ የተሰጠው መምህር ብዙ ነው። ከተሰጠኝ ወዲህ ግን ነገሩን በቁም ነገር ይዤዋለሁ። ያነበብኩትንና ክፍል ውስጥ ያየሁትን እዚህ የምጽፈው፣ ወላጆችም የሥራ ባልደረቦቼም ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው፤ ሙዚቃ ለልጅ ምን ይጠቅመዋል?

መጀመሪያ ክፍለ ጊዜው ራሱ ምን ላይ እንዳለ ልናገር። በዚህ የትምህርት ዓይነት ውስጥ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትርና ሥዕል አንድ ላይ ታጭቀዋል። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እሷም ብትሆን ሰላም የላትም። የሒሳብ መምህሩ ምዕራፍ ሲቀረው፣ እንግሊዝኛው በስብሰባ ሲያልፍ፣ ማካካሻ የሚፈለገው ከእሷ ላይ ነው። «ያው ዘፈን አይደል፣ ቤታቸው ይዘፍኑታል» ይባላል። ይህን ለመመለስ የቸኮልን ሰዎች ደግሞ አንድ መልስ ይቀናናል፤ «ሙዚቃ ልጅን በሒሳብ ጎበዝ ያደርጋል፣ አእምሮ ያሰፋል» እንላለን። መልሱ ያምራል፤ ግን ሲመረመር አይጸናም።

የዚህ አባባል ትልቁ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጽሑፍ ነው። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን ሙዚቃ 10 ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ፣ የታጠፈና የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በዓይነ ሕሊና የሚያስገምት ዓይነት ፈተና ተሰጣቸው፤ ተሻሉም። ብልጫው ከሩብ ሰዓት አልዘለለም፤ ጠፋ። ጽሑፉ ስለ ሕፃናት አላወራም። ስለ ሙዚቃ ትምህርትም አላወራም፤ ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው አዳመጡ እንጂ ምንም አልተማሩም። ወሬው ግን ከጽሑፉ ቀድሞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ፣ ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ የሚታደልበት በጀት እስከ መጠየቅ ደረሱ።

ከዚያ በኋላ ጠንከር ያሉ ጥናቶች መጡ። ግሌን ሼለንበርግ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሥራ፣ በካናዳዋ ቶሮንቶ 144 የ6 ዓመት ልጆችን በዕጣ አራት ቦታ ከፈሉ። አንዱ ቡድን ኪቦርድ፣ አንዱ ድምፃዊ ሙዚቃ፣ አንዱ ድራማ ተማረ፤ አራተኛው ምንም አልተጨመረለትም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሙዚቃ የተማሩት በአእምሮ ችሎታ መለኪያው ከሌሎቹ በለጡ፤ ልዩነቱ ግን ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ከሰው ጋር ተግባብቶ በመኖር በኩል የተሻሻሉት ደግሞ ድራማ የተማሩት ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆቫኒ ሳላና ፈርናንድ ጎቤ 54 ጥናቶችን፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ ልጆችን ውጤት ሰብስበው መረመሩ። ጥናቱ በጥንቃቄ በተሠራ ቁጥር፣ ማለትም የሚወዳደረው ቡድን ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ሌላ ነገር እየተማረ በነበረ ቁጥር፣ ሙዚቃ በማስታወስ ወይም በትምህርት ውጤት ላይ አመጣው የተባለው ብልጫ ወደ ዜሮ ተጠጋ።

ይህን መደበቅ የለብንም። በሒሳብ ስም ለምነን ያስገባነው ሙዚቃ፣ የሒሳብ ውጤት ያልጨመረ ዕለት ይባረራል። ሒሳብን ራሱን «ለሙዚቃ ስለሚጠቅም» ብሎ የሚያስተምር የለም። ሙዚቃም ክፍል የሚገባው ራሱ በሚያስተምረው ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ነው።

ከጆሮ ልጀምር። አማርኛ ማንበብ ለሚለማመድ ልጅ ትልቁ ፈተና ፊደሉ የማይጽፈው ነገር ነው። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ ቁልፉ፣ ቀንደኛው ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «ይመታል» ሲላላ ሰውዬው መቺ ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺ። ይህን ሁሉ የሚለይ ምልክት ገጹ ላይ የለም። መጥበቅና መላላት የቆይታ ጉዳይ ነው፤ ድምፁ አፍ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል ነው። ሙዚቃ ውስጥ ምት የምንለውም ይኸው የቆይታ ጉዳይ ነው። ክፍሌ ውስጥ ልጆቹ ቃላቱን በጭብጨባ ይሏቸዋል፤ ሲላላ ጭብጨባው ቶሎ ያልፋል፣ ሲጠብቅ እጅ ለእጅ ተጣብቆ ይቆያል። ሳቅ አለበት፣ ግን ከዚያ በኋላ ንባብ ላይ «መምህር፣ ይሄኛው ይጠብቃል» የሚል እጅ ይወጣል። ቤት መምታትም እንዲሁ ነው። ሁለት ስንኞች መጨረሻቸው ላይ እንደተገናኙ ለመስማት ልጁ ቃሉን ከትርጉሙ ለይቶ እንደ ድምፅ ብቻ ማዳመጥ መቻል አለበት። ተመራማሪዎችም የሙዚቃ ልምምድ የቃላትን ድምፆች ለይቶ በመስማት በኩል መጠነኛ እገዛ እንዳለው አግኝተዋል። መጠነኛ ነው፤ ከዚያ በላይ አላጋንነውም።

ቀጥሎ ምት። አገራችን ሠርግ ላይ ትከሻ የሚያስነሳው ችክችካ ስድስት ምት ነው። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ ሁሉም በልቡ ከ1 እስከ 6 እንዲቆጥር አደርጋለሁ። የበሩ ወገን 1፣ 3 እና 5 ላይ ያጨበጭባል፤ የመስኮቱ ወገን 1 እና 4 ላይ። ሲነገር ቀላል ነው። ሲጀመር ግን አራት ዙር ሳይሞላ አንዱ ወገን ሌላውን ይስበዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ማጨብጨብ ይጀምራል፤ ይቆማል፤ እንደገና። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የተለየ ነገር ሆነ። ልጆቹ ጆሯቸውን መድፈን ትተው ሌላውን ወገን እያዳመጡ የራሳቸውን መያዝ ጀመሩ። ሁለቱ ወገኖች 1 ላይ ብቻ ይገናኛሉ፤ ያቺ 1 በመጣች ቁጥር ክፍሉ ውስጥ እንደ በር መዝጊያ «ጧ» የምትል አንድ ድምፅ ትሰማለች። የራስን ሳይለቁ የሌላውን መስማት ይሉት ነገር በቃል ሳስተምር ኖሬ እንዲህ የገባቸው ቀን የለም።

ይህ የእኔ ምስክርነት ብቻ አይደለም። ሴባስቲያን ኪርሽነርና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 የ4 ዓመት ልጆችን በጀርመን አገር ጥንድ ጥንድ አድርገው አጫወቱ። ጨዋታው ያው ነው፤ ግማሾቹ እየዘመሩና እየጨፈሩ፣ ግማሾቹ ያለ ሙዚቃ ተጫወቱት። ኋላ የአንዱ ብይ እንዲዘረገፍ ተደረገ። አብረው የዘመሩት ሥራቸውን ትተው ጓደኛቸውን ለመርዳት ይበልጥ ይነሱ ነበር።

እኛ ዘንድ የዚህ ሁሉ ማሰልጠኛ አውራጅና ተቀባይ ነው። ነሐሴ ሲገባ ቡሄ ጨፋሪ ልጆች በየደጁ ሲመጡ አስተውሏቸው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ዱላው መሬቱን እኩል ይመታል። አውራጁ ግጥሙን እዚያው እያየ ለባለቤቱ እንዲስማማ ያስተካክላል፤ ተቀባዩ ተራውን ይጠብቃል፤ የቀደመ ወይም የዘገየ ወዲያው ይታወቃል፣ ማንም ግን አይቀጣም፤ ቀጣዩ ዙር ያስተካክለዋል። ልጃገረዶቹ በዘመን መለወጫ አበባ ይዘው ሲዞሩ የሚያደርጉትም ይኸንኑ ነው። እነዚህ ልጆች መስከረም ላይ ክፍል ሲገቡ ይህን ችሎታ ግቢው በር ላይ አራግፈው እንዲገቡ እናደርጋቸዋለን።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ የሚንተባተብ ልጅ ነው። ንባብ ላይ «መ» ሲመጣ ይያዛል፤ አንገቱ ይገታል፤ ክፍሉ ይስቃል። ተራው ሲቃረብ ሽንት ቤት ማስፈቀድ ልማዱ ነበር። አውራጅና ተቀባይ ስንጫወት ግን ከተቀባዮቹ ጋር ሆኖ ምንም ሳይያዝ አለፈ። እሱም ራሱ ደነገጠ። ከወር በኋላ «እኔ ላውርድ» ብሎ እጁን አወጣ፤ «መ» ያለበትን ስንኝ እንደ ውሃ አፈሰሰው። ይህ ተአምር አይደለም። የሚንተባተቡ ሰዎች አብዛኞቹ ሲዘምሩ ወይም ከሌላ ሰው ጋር በአንድነት ሲያነቡ እንደማይያዙ በደንብ የታወቀ ነው። ፈውስም አይደለም፤ ብቻውን ሲናገር መንተባተቡ ዛሬም አለ። ግን ክፍሉ አንድ ጊዜ በሌላ ድምፅ ሰምቶታል፤ አሁን ተራው ሲደርስ የሚስቅበት የለም፤ እኔም ንባቡን መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲያነቡት አደርጋለሁ። ሽንት ቤት ማስፈቀዱን ትቷል።

ወደ ሌላው ጉዳይ ልለፍ፤ ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነገር እንዳይመስል። ሰሜን ሸዋ ሙዚቃን የማስተማር ዘዴ ያጣ አገር አይደለም። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ነው የቆጠረው፤ ዕድሜው 70 ሆኖም ዜማው አይጠፋውም። ዜማ ቤቱ ደግሞ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ የተወረሰ ሥርዓት አለው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት የዜማ ዓይነቶች አሉት። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት እየተባሉ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉ ምልክቶች አሉት። የማስተማሪያው ቅደም ተከተል ግን ይበልጥ ይገርመኛል፤ መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ አፍ፣ መጨረሻ ምልክት። ተማሪው የመምህሩን ዜማ ሰምቶ፣ ደጋግሞ፣ አጥንቶ ካበቃ በኋላ ነው ምልክቱን የሚያውቀው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሃንጋሪው ሙዚቀኛ ዞልታን ኮዳይ ለአገሩ ትምህርት ቤቶች የመከረው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ከመሣሪያ በፊት ድምፅ፣ ከባዕድ ዜማ በፊት ልጁ በአፍ መፍቻው የሚያውቀው የአገሩ ዜማ፣ ኖታው በኋላ። ምክሩ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

ትምህርት ቤቱን ዜማ ቤት እናድርገው እያልኩ አይደለም። ያሬዳዊ ዜማ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሁሉም ነው። ሸዋ ሮቢትና ይፋት ላይ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ልጆች አንዱ ከማኅሌት፣ አንዱ ከመንዙማ ቤት ሊመጡ ይችላሉ። መንዙማውም አውራጅና ተቀባይ አለው፤ ከበሮም አለው። የምንዋሰው ዘዴውን ነው፤ መስማት፣ መድገም፣ ተራ መጠበቅ።

የወላጆች ስጋት ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ቀላልም አይደለም። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ቆመው «መምህር፣ ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው?» ብለውኛል። ሌላ እናት «ዘፈን ኃጢአት ነው፤ እባክህ ልጄን ተውልኝ» አሉኝ። ሁለቱንም አከብራለሁ። ለእናትየው የነገርኳቸው ይህን ነው፦ «እማማ፣ ልጅዎ ከሃይማኖትዎ ውጭ የሆነ ነገር እንዲዘፍን አላደርግም። የምናጨበጭበው ስድስት ቁጥር ነው፤ የምናወርደው ስለ ገብስና ስለ ክረምት ነው።» አማርኛችን ዜማ፣ መዝሙር፣ ዘፈን፣ ሙዚቃ ብሎ ይለያል፤ መምህሩም ይህን ለይቶ ማወቅ አለበት። በዐቢይ ጾም ወቅት ጭፈራ ያለበትን ትቶ ወደ ማዳመጥ ማዘንበል ማንንም አይጎዳም፤ ይልቅ ወቅቱ የበገና ነው። ለአባትየው የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ «አባባ፣ አዝማሪነት እኮ የተናቀው በእኛ አፍ ነው፤ ግጥም እዚያው ፈጥሮ ቤት የሚያስመታ፣ ዜማ የሚያስታውስ፣ የሰው ፊት የሚያነብ ሰው ሥራው ቀላል አይደለም።» አልተስማሙም። ልጃቸውን ግን አላስቀሩም።

ልጆች በባህልና በኪነ ጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። ይህን የምጠቅሰው ርዕሰ መምህራን እንዲያውቁት ነው፤ ማካካሻ ሲፈቅዱ ከልጆቹ መብት ላይ እየቆረሱ እንደሆነ።

«መሣሪያ የለንም» የሚለው ሰበብ ብዙ ሊያስቆመን አይገባም። ድምፅና እጅ ከሁሉ ይቀድማል። ቢጫው ጀሪካን ሠርግ ላይ ከበሮ ሆኖ ያገለግላል፤ ክፍል ውስጥም ያገለግላል። ዋሽንት ከሸምበቆ ይሠራል፤ መንዝ ላይ በግ ሲጠብቅ የሚነፋ ልጅ በየመንደሩ አለ። አራት ቀዳዳ አለው። አራቱም ሲደፈኑ አንድ ድምፅ፣ አንድ በአንድ ሲከፈቱ አራት ድምፅ፤ በጠቅላላው አምስት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ እረኛው ልጅ ሳያውቀው ሙሉ ቅኝት በእጁ ይዟል። ቀዳዳው ሲደፈን ድምፁ ለምን እንደሚወርድ ስትጠይቁት፣ አየሩ የሚሄድበት መንገድ ስለረዘመ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። ይህ የሳይንስ መምህሩ ስለ ንዝረት ከሚያስተምረው ጋር አንድ ነው።

አንድ ጊዜ በገና የሚደረድሩ አባት ጋበዝን። አሥሩ ጅማት ከበግ አንጀት የተገመደ ነበር። ልጆቹ የበግ ቆዳና ሱፍ ያውቃሉ፤ በጉ ድምፅም እንደሚሆን ግን አላሰቡትም። አባት ከጅማቱ ሥር የምትገባዋን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራውን፣ ነቅለው አንዱን ጅማት መቱት፤ ድምፁ ደረቅ ሆነ። መልሰው አስገቡትና መቱት፤ ያ የምናውቀው ነዛሪ የበገና ድምፅ መጣ። ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርተው መዳፋቸውን ገበቴው ላይ አስደገፏቸው። አንዷ እጇን አላነሳም አለች። 40 ደቂቃው አለቀ፣ ደወል ተደወለ፤ የወጣ ልጅ አልነበረም።

ለሚጀምር መምህር ሦስት ነገር ብቻ ልንገረው። ዜማውን በራስህ ድምፅ ሳይሆን በልጅ ድምፅ አስጀምር፤ የልጅ ድምፅ ከአንተ ከፍ ይላል። አስጩኸህ አታስዘምር፤ የሚጮህ ልጅ ጎረቤቱን አይሰማም። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ማንንም ልጅ «ድምፅ የለህም» አትበል። 4ኛ ክፍል ሆኜ ለወላጆች ቀን ስንለማመድ አንድ መምህር «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ብሎኝ ነበር። ለሃያ ዓመት ያህል ከሰው ጋር አልዘመርኩም። ቤተ ክርስቲያንም ሠርግም ላይ አፌን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር። ዜማውን ስቶ የሚዘምር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጆሮው ገና አልተገራም እንጂ አልተበላሸም፤ ለድምፁ የሚቀርብ መነሻ ተሰጥቶት፣ ቀስ ተብሎ ከተደገመለት ይገጥማል። ሰልፉ ላይ የኋላው ረድፍ ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ሳይ የምቆጣው አሁን በልጆቹ አይደለም።

ሰልፉን ያስጀመረችው ልጅ አሁን 8ኛ ክፍል ናት። በዚህ ዓመት የምታስጀምረው ሌላ፣ የ5ኛ ክፍል ልጅ ናት። ሰኞ ሰኞ ከደወሉ በፊት ሁለቱ ቧንቧው አጠገብ ቆመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው፣ ትልቋ ትጀምራለች፣ ትንሿ ትደግማለች፤ ከዚያ ትንሿ ብቻዋን ትሞክራለች።